ሰፈር ያለ ሱሺ ቤት መግባት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ከቤቴ አምስት ደቂቃ በእግር፣ በላውንድሪና በጥፍር ቤት መሃል የተሸጎጠች አንዲት ሱሺ ቤት አለች። ጠረጴዛዎቿ ቢቆጠሩ አስር አይሞሉም። ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ፣ የሥራ ጓደኛ፣ ዘመድ ይዤ እሄዳለሁ፤ መኪና ውስጥ የምጠየቀው ግን ሁሌ ያው ነው። መመለሱ ስለሰለቸኝ እዚህ ጻፍኩት። የማወራው ሰው ቀጠሮ ይዞ፣ ሱፍ ለብሶ፣ የወር ቤት ኪራይ ከፍሎ ስለሚወጣባቸው ቤቶች አይደለም። በነጠላ ጫማ ስለሚገባበት የሰፈር ቤት ነው።

ሱሺ ማለት ጥሬ አሳ ማለት አይደል?

አይደለም። ሱሺ የሚያሰኘው ሩዙ ነው። በአቼቶ፣ በስኳርና በጨው የተለወሰ ሩዝ። ላዩ ላይ ወይም ውስጡ አሳ ሊኖር ይችላል፣ የተጠበሰ እንቁላል ሊኖር ይችላል፣ ኪያር ብቻም ሊሆን ይችላል። ጥሬ አሳ ያለ ሩዝ ተቆርጦ ከቀረበ ስሙ ሳሺሚ ነው፤ እሱ ሌላ ነገር ነው።

ሩዙ ለምን ይኮመጥጣል ለሚል ሰው፣ ነገሩ ከእርሾ የራቀ አይደለም። የድሮው ሱሺ አሳን በጨውና በተቀቀለ ሩዝ አፍኖ ለወራት ማቆየት ነበር። ሩዙ ይቦካል፣ ይኮመጥጣል፣ አሳው እንዳይበላሽ ይጠብቀዋል። ሲበላ አሳው ይበላና ሩዙ ይጣላል። ጃፓን ውስጥ ቢዋ ሐይቅ አካባቢ ፉናዙሺ የሚባል እንዲህ ዓይነት ሱሺ እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ሽታው ለብርቱ ሰው ነው ይባላል። በኋላ ሰዉ ወራት መጠበቅ ሰለቸውና ሩዙን ማቡካት ትቶ አቼቶ ጨመረበት። ዛሬ የምናውቀውን፣ በእጅ ተጨብጦ አሳ የሚለጠፍበትን ኒጊሪ፣ ሃናያ ዮሄይ የሚባል ሰው በ1820ዎቹ (በፈረንጅ አቆጣጠር) በኤዶ፣ ማለትም በዛሬዋ ቶኪዮ እንዳስለመደው ይነገራል። የመንገድ ዳር ምግብ ነበር። ቆመው ጎርሰው የሚሄዱት። ስለዚህ "እዚያ ቤት ለመግባት የሠለጠነ ሰው መሆን ያስፈልጋል" የሚለውን ፍርሃት እዚሁ ጣሉት።

ሩዙ ላይ ይህን ያህል የቆየሁት በምክንያት ነው። ሀበሻ ቤት ገብተን መጀመሪያ የምናየው እንጀራውን ነው አይደል? ወጡ ምንም ቢጣፍጥ እንጀራው ከደረቀ ቤቱ አለቀለት። እዚህም ያው ነው፣ ሩዙን እዩ።

ስገባ ለምንድነው የሚጮሁብኝ?

"ኢራሻይማሴ!" ነው የሚሉት። እንኳን ደህና መጣችሁ ማለት ነው። መልስ አይጠበቅም፤ ፈገግ ብሎ ማለፍ ይበቃል። ካሸሩ ጋ ተቀምጣ እጇን የምታወዛውዘው ድመትም ቻው እያለቻችሁ አይደለም፤ ፈረንጆቹ ግን እንደዚያ ይመስላቸዋል። ጃፓኖች ሰው ሲጠሩ ልክ እንደ እኛ መዳፋቸውን ወደ ታች አድርገው ነው። ድመቷ "ኑ፣ ግቡ" ነው የምትለው። እናቴ ገና ከበሩ ስትገባ "ምን ትጠራናለች ይቺ?" ብላ ያለ ማንም አስተርጓሚ ገብቷታል።

ጥሬ ነገር አልበላም። ልቅር?

ለምን ትቀራላችሁ? ሜኑው ላይ ግማሽ ያህሉ የበሰለ ነው። ሮል የሚባለው ሩዙ ከነማግቢያው በባሕር አረም ተጠቅልሎ የሚቆረጠው ነው፤ ሽሪምፕ ቴምፑራ ሮል ውስጥ ያለው ሽሪምፕ በሊጥ ተነክሮ የተጠበሰ ነው። ኡናጊ የሚባለው ረጅሙ አሳ ሁሌም ተጠብሶ፣ ጣፋጭ ሶስ ተቀብቶ ነው የሚቀርበው። ታማጎ የእንቁላል ጥብስ ነው። ከዚያ ውጭ ቴሪያኪ ዶሮ ከሩዝ ጋር፣ ኡዶን የሚባል ወፍራም ፓስታ በሾርባ፣ ሁሉም አለ።

ካሊፎርኒያ ሮል ደግሞ የጀማሪ ሁሉ መግቢያ ነው። አቮካዶ፣ ኪያርና "ሸርጣን"። ሸርጣን በትእምርተ ጥቅስ ያስገባሁት አብዛኛውን ጊዜ ሸርጣን ስላልሆነ ነው። ነጭ ሥጋ ያለው አሳ፣ ብዙውን ጊዜ ፖሎክ የሚባለው፣ ተፈጭቶ፣ ቅርጽ ወጥቶለትና ቀይ ቀለም ተቀብቶ ነው። በስሎ ስለሚመጣ ጥሬ የለበትም። ማን እንደፈለሰፈው ሎስ አንጀለስና ቫንኩቨር ያሉ ሱሺ ሠሪዎች እስካሁን ይከራከሩበታል።

ጥሬ አሳ አያሳምምም?

ይህን ከሚጠይቁኝ ሰዎች ግማሾቹ ባለፈው ቅዳሜ ማታ ቁርጥ ሲቆርጡ አይቻቸዋለሁ። ጥሬ ሥጋ እየበላን፣ ኮሶ ሲይዘን መድኃኒት እየዋጥን ያደግን ሰዎች አሳ ላይ ስንደርስ ዶክተር እንሆናለን። ግን ጥያቄው ትክክለኛ ነው፣ እመልሳለሁ።

የባሕር አሳ ውስጥ አኒሳኪስ የሚባል ትል ሊኖር ይችላል። ትሉን የሚገድለው ማብሰል ወይም በደንብ ማቀዝቀዝ ነው። እዚህ አሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣኑ ኤፍዲኤ ያወጣው መመሪያ በጥሬው የሚበላ አሳ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ7 ቀን፣ ወይም ከዜሮ በታች 35 ዲግሪ ለ15 ሰዓት እንዲቆይ ይላል። አንዳንድ የቱና ዝርያዎችና በተዘጋጀ መኖ የተረቡ አሳዎች ከዚህ ነፃ ናቸው። እንግዲህ "ትኩስ፣ ዛሬ ከባሕር የወጣ" ብሎ መመካት እዚህ ብዙም አይሠራም። የምትበሉት ሱሺ በረዶ ቤት ቆይቶ የመጣ ቢሆን ቅር አይበላችሁ፣ የሚፈለገው እሱ ነው።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር አለ። ቤታችሁ ያለው ፍሪዘር ብዙውን ጊዜ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ከሱፐርማርኬት ሳልሞን ገዝቶ፣ አንድ ሌሊት አሳድሮ፣ ዩቲዩብ ከፍቶ ቤት ውስጥ ሱሺ ልሥራ የሚል ሰው ካለ ይተወው። "ሱሺ ግሬድ" የሚለው ጽሑፍም አያታልላችሁ። አሜሪካ ውስጥ በሕግ የተተረጎመ ደረጃ አይደለም፤ ሻጩ የሚለጥፈው ቃል ነው።

ማቀዝቀዝ ትል ይገድላል እንጂ ባክቴሪያን አያጠፋም። ለዚህ ነው የቤቱ ንጽህና፣ የአሳው አያያዝ፣ የሠሪው እጅ ለውጥ የሚያመጣው። በሽታ የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎችና በዕድሜ የገፉ ደግሞ የበሰለውን ቢበሉ ይሻላል። አባቴን ጥሬ አላበላውም። እሱም ጠይቆ አያውቅም።

ሳልሞን ራሱ አስቂኝ ታሪክ አለው። ጃፓኖች ሳልሞንን አብስለው ይበሉ ነበር እንጂ በሱሺ ጥሬውን አይነኩትም ነበር፤ የእነሱ ባሕር ሳልሞን ትል አለበት ብለው። በ1980ዎቹ ኖርዌዮች ያረቡት ሳልሞን ገበያ ሲያጣባቸው ጃፓን ሄደው "የእኛ ንጹሕ ነው፣ ጥሬውን ብሉት" ብለው ለዓመታት ለመኑ። ተሳካላቸው። አሁን ሱሺ ሲባል ሰው ዓይን ላይ የሚመጣው ያ ብርቱካናማ ቁራጭ የኖርዌይ ነጋዴዎች ሥራ ነው።

"ሐዋሳ አሞራ ገደል ጥሬ አሳ በዳጣ በልቻለሁ፣ ምንም አልሆንኩም" የሚለኝ ሰውም አይጠፋም። እኔም በልቻለሁ፤ ይጣፍጣል። ግን የሐይቅ አሳ የራሱ ትሎች አሉት፣ በረዶ ቤትም አላለፈም። አንድ አልሆነም። በነገራችን ላይ ሜኑው ላይ "ኢዙሚዳይ" የሚል ካያችሁ ብዙውን ጊዜ ቲላፒያ ነው። ቆሮሶ! ከዝዋይ እስከዚህ ድረስ ስሙን ቀይሮ ጠበቀን።

ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ምን ልዘዝ?

አብዛኞቹ ቤቶች ወረቀትና እርሳስ ይሰጧችኋል፤ ከምትፈልጉት ስም አጠገብ ቁጥር ትጽፋላችሁ። "2" ብላችሁ ስትጽፉ ሁለት ቁራጭ ነው ወይስ ሁለት ሳህን የሚለውን ጠይቁ። እኔ አንዴ ሳልጠይቅ ለሁለት ሰው ስምንት ሰው የሚያጠግብ አዝዤ አውቃለሁ።

ለሁለት ሰው እንዲህ አድርጉ። አንድ ኤዳማሜ፣ አንድ ካሊፎርኒያ ሮል፣ አንድ ሽሪምፕ ቴምፑራ ሮል፣ ከዚያ ለሙከራ ሁለት ቁራጭ ሳልሞን ኒጊሪ። ካልወደዳችሁት የጠፋው ሁለት ቁራጭ ነው። ከወደዳችሁት ቱና፣ ከዚያ "የሎውቴይል" የሚባለውን አሳ ጨምሩ። ስማቸው ድራጎን፣ ቀስተ ደመና፣ እሳተ ገሞራ የሆኑትን በሶስ የተጥለቀለቁ ሮሎች ለሌላ ቀን ተዉአቸው። መጥፎ ናቸው ማለቴ አይደለም፣ ግን ማዮኔዙ ሁሉን ስለሚሸፍነው የምትበሉትን አታውቁም።

ኤዳማሜ ምንድነው ላላችሁ፣ የአኩሪ አተር እሸት ነው። ከነቆዳው ተቀቅሎ፣ ጨው ተነስንሶበት ይመጣል። ቆዳው አይበላም። በጥርስ ይዞ ሳብ ማድረግ፣ ፍሬው ይወጣል። የባቄላ እሸት የበላ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ያ አረንጓዴው ነገር ምንድነው?

ዋሳቢ። በዚህ ጉዳይ አጎቴ ይመስክር። ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ መጥቶ ነበር። ሳህኑ ሲቀርብ ጠርዙ ላይ የአውራ ጣት የምታህል አረንጓዴ ድቡልቡል አየ። አቮካዶ መሰለችው። እኔ ሶይ ሶስ፣ ያን ጥቁሩን የአኩሪ አተር ሶስ፣ እየቀዳሁ ነበር። ቀና ስል ሹካው ባዶ ነው፣ አጎቴ ደግሞ ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ጨብጦ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። ዓይኑ እንባ ሞልቷል። አስተናጋጇ ውሃ ይዛ ሮጠች። አንድ ደቂቃ ያህል ቆይቶ አፍንጫውን ጠረገና፣ "ሰናፍጭ ነው'ኮ!" አለ። "የእማዬ ሰናፍጭ!"

እውነቱን ነው። እውነተኛው ዋሳቢ ጃፓን ውስጥ በምንጭ ዳር የሚበቅል ተክል ግንድ ነው፤ እዚያው ተፈግፍጎ ነው የሚበላው፣ ሩብ ሰዓት ከቆየ ኃይሉ ይጠፋል፣ ዋጋውም የሚቀመስ አይደለም። የሰፈር ቤት የሚሰጣችሁ ሆርስራዲሽ የሚባል ሥር፣ ሰናፍጭና አረንጓዴ ቀለም ተደባልቆ ነው። ሁሉም የጎመንና የሰናፍጭ ዘመዶች ናቸው። ለዚህ ነው እንደ ሚጥሚጣ ምላስ ማቃጠሉን ትቶ ቀጥ ብሎ ወደ አፍንጫ የሚወጣው። የምስር ቅንጣት የምታህል ይበቃል። አንዳንድ ቤት ሠሪው ራሱ ከአሳው ሥር ቀብቶ ነው የሚያቀርበው፣ ስለዚህ መጀመሪያ ቅመሱ፣ ከዚያ ጨምሩ።

አጎቴ የቀረውን ሁለት ሳምንት ሙሉ "ያቺ ሰናፍጭ ያለባት ቤት አንሄድም?" ሲል ነበር።

በእጅ መብላት ነውር ነው?

በፍጹም። ኒጊሪ በእጅ መብላት ጃፓንም ያለ ነው፤ በዚህ እኛ ልምድ አለን። በአውራ ጣትና በሁለት ጣት ያዙት፣ ገልበጥ አድርጉትና የአሳውን በኩል ብቻ ሶይ ሶሱን አስነኩት። ሩዙን ከነከራችሁት ይፈርሳል፤ ሳህኑ ውስጥ ፍትፍት ትሠራላችሁ። ከዚያ በአንድ ጊዜ መጉረስ ነው። ግማሹን ነክሶ ግማሹን መመለስ ለእናንተም ለሱሺውም አይበጅም።

በሁለቱ የመብያ እንጨቶች (ቾፕስቲክ) ለመብላት ለምትፈልጉ፣ የታችኛው እንጨት አይንቀሳቀስም፣ የላይኛውን ብቻ ነው የምታንቀሳቅሱት። ካቃታችሁ አስተናጋጇ በላስቲክ ታስርላችኋለች፤ ለልጅ ነው የምትለው፣ ግን ለእኔም አስራልኛለች። ሹካ መጠየቅም ይቻላል። ማንም ዞሮ አያያችሁም።

ሁለት ነገር ግን አታድርጉ። እንጨቶቹን ሩዝ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አትትከሉ፤ ለሟች የሚቀርብ ሩዝ ላይ ነው እንደዚያ የሚደረገው። ከእንጨት ወደ እንጨት ምግብ አታቀባብሉ፤ እሱም የሬሳ ማቃጠል ሥርዓት ላይ አጥንት የሚነሳበት መንገድ ነው። ሮዝ ወይም ነጣ ያለው ስስ ነገር ዝንጅብል ነው፤ በአንዱ አሳና በሌላው መሃል አፍ ለማጥራት ነው የሚበላው።

ጉርሻስ?

ከላይ ያልኩት ከእንጨት ወደ እንጨት ነው። በእጅ ወደ አፍ ማጉረስን የሚከለክል ሰው አላየሁም። እኛ ጠረጴዛ ላይ ሁሌ አለ። ባንኮኒው ጀርባ ያሉት ሠሪዎች መጀመሪያ ደንገጥ ይሉ ነበር፣ አሁን ይስቃሉ። ዋሳቢ ደብቆ ማጉረስ ግን ወንጀል ነው። የአጎቴ ልጅ፣ አንተን ነው።

ጾም ነው። የምበላው አለ?

አለ፣ ግን ከምትገምቱት በላይ ወጥመድ አለበት። መጀመሪያ አሳው ይሁን አይሁን የሚለውን ልተወው። በጾም አሳ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ከእኔም ከእናንተም በፊት የነበረ ነው፤ ንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፣ እኔን አትጠይቁ። እዚህ የምጽፈው ምንም የእንስሳ ነገር ለማይነካ ሰው ነው።

ሩዙ ችግር የለበትም። አቼቶ፣ ስኳር፣ ጨው ነው። የባሕር አረሙም ያው ቅጠል ነው። አቮካዶ ሮል፣ ኪያር ሮል (ካፓ ማኪ ይሉታል)፣ ኦሺንኮ የሚባለው ቢጫ የኮመጠጠ ፍጅል ያለበት ሮል፣ ኤዳማሜ፣ እነዚህን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እዘዙ።

አሁን ወጥመዱ። ሚሶ ሾርባ የአኩሪ አተር ነው ተብሎ ሁሉም ይጠጣዋል። ሚሶው እውነት የአኩሪ አተር ነው። ሾርባው ግን ብዙ ጊዜ የሚሠራው በዳሺ ነው፤ ዳሺ ደግሞ ከባሕር አረምና ከደረቀ ቦኒቶ አሳ ፍቅፋቂ የሚወጣ ውሃ ነው። አራት ዓመት ሙሉ በሁዳዴ ሚሶ ስጠጣ ኖሬ ነው ያወቅኩት፤ ሠሪው ራሱ "አንቺ'ኮ አሳ አልበላም ብለሽኛል" ብሎ ሲነግረኝ መሬት ዋጠችኝ። ኢናሪ የሚባለው፣ ሩዝ የተሞላው የቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሰል ነገር) ከረጢትም ብዙ ጊዜ በዳሺ ነው የሚቀቀለው። ስኳር ድንች ቴምፑራ ሮል እወዳለሁ፣ ግን ሊጡ ውስጥ እንቁላል ሊኖር ይችላል። ስፓይሲ የሚል ቃል ያለበት ሮል ሁሉ ላይ ማለት ይቻላል ማዮኔዝ አለ። ማዮኔዝ ደግሞ እንቁላል ነው።

የምትጠይቁት ሁለት ጥያቄ ነው። "ዳሺ አለው?" እና "እንቁላል አለው?" ጾም ነኝ ብላችሁ ከምታብራሩ "ቪጋን ነኝ" በሏቸው፣ ቶሎ ይገባቸዋል። እኔ የምሄድባት ቤት ረቡዕና ዓርብ ስገባ አቮካዶውን ሳልጠይቅ መቁረጥ ጀምረዋል።

ሽሪምፕ፣ ኡናጊ፣ ኦክቶፐስ… እነዚህ ለእኛ ይሆናሉ?

"ክንፍና ቅርፊት" የሚለውን የዘሌዋውያን ሕግ የሚጠብቅ ቤት ያደገ ሰው ሽሪምፕ፣ ሸርጣን፣ ኦክቶፐስና ስኩዊድ አይነካም፤ ኡናጊንም እባብ ይመስላል ብሎ ይተወዋል። ሳልሞን፣ ቱና፣ የሎውቴይል፣ ቀዩ ስናፐር ይበቁታል። ያ የውሸት ሸርጣን ከአሳ ቢሠራም የእውነተኛ ሸርጣን ማጣፈጫ ሊጨመርበት ስለሚችል እሱንም ጠይቁ። እስራኤል ያሉ ዘመዶቼ በዚህ ተገላግለዋል። እዚያ ሱሺ በየመንገዱ ነው፣ ኮሸር የሆነው፣ ማለትም የአይሁድን የምግብ ሕግ የሚጠብቀው ቤት ደግሞ እነዚህን ከነጭራሹ አያስገባም።

ሙስሊም ወዳጆቼ የሚጠይቁት ስለ ሚሪን ነው። ሚሪን አልኮል ያለበት ጣፋጭ የሩዝ ማጣፈጫ ነው። ኡናጊና ቴሪያኪ ሶስ ውስጥ የተለመደ ነው፣ አንዳንድ ቤት ሩዙ ውስጥም ጠብ ያደርጉበታል። ሳሺሚ ያለ ሶስ ማዘዝ ቀላሉ መንገድ ነው።

ስንዴ የማይስማማቸው ደግሞ ሶይ ሶስ ስንዴ እንዳለበት ይወቁ። ታማሪ የሚባለውን ጠይቁ፣ ብዙውን ጊዜ ስንዴ የለበትም፤ ጠርሙሱን ግን አንብቡ።

እርጉዝ ነኝ፣ አምሮኛል።

አምሮት አይከለከልም፣ ጥሬው ግን ይቅር። የሐኪሞች ምክር ጥሬ አሳ አይበላ ነው፣ ቢግአይ የሚባለው ቱና ደግሞ ሜርኩሪ ስለሚበዛበት ቢበስልም አይመከርም። ሽሪምፕ ቴምፑራ፣ አቮካዶ፣ የበሰለ ሳልሞን ሮል አለ። እህቴ ዘጠኝ ወር ሙሉ በካሊፎርኒያ ሮል ነው የተገላገለችው።

"ኋይት ቱና" በልቼ ሆዴ ተበጠበጠ። ምን ነካኝ?

እንኳን ደህና መጣችሁ ወደ ማኅበራችን። ሱሺ ቤት ውስጥ "ኋይት ቱና" ወይም "ሱፐር ኋይት" ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ቱና አይደለም፣ ኤስኮላር የሚባል አሳ ነው። ነጭ፣ ቅቤ የመሰለ፣ በጣም የሚጣፍጥ። ችግሩ ሰውነታችን የማይፈጨው ሰም መሰል ዘይት አለው። አንድ ሁለት ቁራጭ ብዙ ሰው አይጎዳም። ስድስት ቁራጭ የበላ ሰው ግን ነጭ ሱሪ ባይለብስ ይሻላል። ጃፓን ከ1977 ጀምሮ ከልክላዋለች። እኔ ያገኘኝ ሌላ ከተማ፣ የጓደኛዬ ሰርግ ዋዜማ ነው። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ስንት ይፈጃል?

እኛ አካባቢ ቀላል ሮል ከ6 እስከ 10 ዶላር፣ ያጌጡት ከ14 እስከ 20 ዶላር ያወጣሉ። ጎበዝ ሰው የሚሄደው ምሳ ሰዓት ነው። ሁለት ሮል፣ ሾርባና ሰላጣ በአንድ ዋጋ ያገኛል፣ ያውም ከማታው ባነሰ። ጉርሻው፣ የአስተናጋጇን ማለቴ ነው፣ እዚህ አገር ከ18 እስከ 20 በመቶ ነው። ጃፓን ቢሆን ጉርሻ ትታችሁ ብትወጡ ገንዘብ ረሳችሁ ብለው ሊከተሏችሁ ይችላሉ።

"የቻላችሁትን ብሉ" የሚሉ ቤቶችም አሉ። ሦስት ጎረምሳ ይዛችሁ ከሆነ ያዋጣል። ግን ጥቃቅኑን ጽሑፍ አንብቡ፤ ሰዓት ይገደባል፣ የተረፈም ያስከፍላል። አሳውን ለቅማችሁ ሩዙን ናፕኪን ሥር የምትቀብሩ ሰዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ። አስተናጋጇም ታውቃለች።

ጥሩ ቤት በምን ይለያል?

በር ስትከፍቱ ኃይለኛ የአሳ ሽታ ከመጣ ውጡ። ትኩስ አሳ ባሕር ባሕር ይላል እንጂ አይከረፋም። ሰው የሚበዛበት ቤት ይሻላል፣ አሳው አያድርም። የካውንቲው የጤና ምርመራ ውጤት ኢንተርኔት ላይ ስለሚወጣ ሁለት ደቂቃ ሰጥቶ ማየት አይጎዳም። የባሕር አረሙ ሲነከስ ካልጮኸ፣ እንደ ፕላስቲክ ከተለጠጠ፣ ሮሉ ተጠቅልሎ ቆይቷል ማለት ነው።

ከዚያ ሩዙ። በእጅ ሲያዝ ለብ ያለ መሆን አለበት። አይቀዘቅዝም፣ አይሞቅም። አፍ ውስጥ ሲገባ ፍሬ ፍሬው ይለያያል። ከማቀዝቀዣ የወጣ ሩዝ ጠጠር ነው፤ የዓለም ምርጥ ቱና ቢለጥፉበት አይድንም።

ባንኮኒው ጋ ቦታ ካለ እዚያ ተቀመጡ። ሠሪው ጃፓናዊ ካልሆነ አትደንግጡ፤ ሰፈር ያሉ ሱሺ ቤቶች ብዙዎቹ የኮሪያውያን ወይም የቻይናውያን ናቸው፣ የእኔዋም እንደዚያ ናት። "ዛሬ ምን ጥሩ አለ?" ብላችሁ ጠይቁት። ይህቺ ጥያቄ ሜኑው ላይ የሌለ ነገር ታስወጣለች። አንዴ እጁን ውሃ ነክሮ፣ ሩዙን በመዳፉ ሁለት ሦስት ጊዜ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ፣ ጭብጥ ሳያደርግ ለቀቅ ሲያደርጋት ስታዩት፣ እንጀራ ስትጋገር ማሰሻውን ተከትላችሁ የምታዩትን ያህል ዓይናችሁ ይያዛል።

የተረፈውን ልውሰድ?

የበሰለውን ውሰዱ። ጥሬ ያለበትን ሱሺ ግን እዚያው ጨርሱ፣ ወይም ቀድማችሁ ቀንሳችሁ እዘዙ። መኪና ውስጥ ሁለት ሰዓት የቆየ ጥሬ አሳ ለድመትም አይሰጥም። ፍሪጅ ያደረ ሩዝ ደግሞ ደረቅ ድንጋይ ይሆናል፣ ማይክሮዌቭ ብታስገቡት አሳው ይበስላል። ሞክሬዋለሁ። ቤቱ ሁለት ቀን ሸተተ።

ሂሳብ ማን ይክፈል?

እሱ ላይ ምክር የለኝም። ባለፈው አርብ ከጓደኛዬ ጋር ካርድ በካርድ ስንታገል አስተናጋጇ መጥታ ቆመች። ሁለታችንንም ካየች በኋላ ካርዴን መለሰችልኝ። "እሷ ስትገባ ሰጥታኛለች" አለችኝ።